የፊታውራሪ መኪና ደረት

ሰኞ፣ የካቲት ፱

ዛሬም ወለቀ! ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ልንወጣ ስንል ክሩስኮቱ ቋ ብሎ ተነቀለና ፊታውራሪ ጉልበት ላይ ዘጭ። ቆጣሪው፣ ማብሪያው፣ ሽቦው ሁሉ እንደ በግ አንጀት ተንጠለጠለ።

እሳቸው ክሩስኮት የሚለውን ስም አይወዱትም። የጣሊያን ስም በቤቴ አይጠራም ባይ ናቸው። «ደረቷ» ነው የሚሉት። ከመሪው እስከ እሳቸው ወንበር ፊት ለፊት የተዘረጋ ሰሌዳ ነዋ፣ እውነትም ደረት ነው። ደረቷን ጉልበታቸው ላይ ታቅፈው እስከ ግቢ ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሲወርዱ ግን ወጣቸው።

«ስማ አስናቀ፣ ቅዳሜ ደብረ ታቦር መግባት አለብኝ። የልጄ ልጅ አርባ ቀኑ እሑድ ይሞላል። ክርስትናው እኔን ብሎ አይቆይም። እስከዚያ ካላዳንሃት በበቅሎዬ እሄዳለሁ። እሷንም ዶሮ ይደርባት፣ አንተም ወደ ሞፈርህ።»

ወደ ሞፈርህ! ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ስንት ዓመት ከመኪና ሥር ተጋድሜ ዘይት የጠጣሁ ሰው! በዚህ በእስቴ ምድር ከኔ ሌላ መሪ የጨበጠ ማን አለ? ለመኩራራት አይደለም የምጽፈው። ለመኩራራትስ ቢሆን? ደብተሩ የኔ ነው።

አያ ደምሌ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የፊታውራሪ በቅሎ ጠባቂ ነው። ሰዉ ባልደራስ ይለዋል፣ ባልደራስነቱ ለአንዲት በቅሎ። «እኔስ ደረቷ የወለቀ በቅሎ አይቼ አላውቅም» አለ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ቆይ ብቻ፣ አልሁ በልቤ።

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲

ከጠዋት ጀምሬ ደረቷን አወረድሁ። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ መፍታት ነው። ይህን የዘለለ ሰው እሳት ያያል፣ ጎንደር አንዱ ሲያይ አይቻለሁ። ቀጥሎ ማብሪያዎቹን፣ ቀጥሎ ቡሎኖቹን። ስድስት መሆን ነበረባቸው፣ ያገኘሁት አራት ነው። አንዱ ተቆርጦ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። ሌላው የት እንደ ወደቀ እግዜር ይወቅ።

ሽቦዎቹ አስጨነቁኝ። ድሮ ቀይም ሰማያዊም ነበሩ፣ ዛሬ ሁሉም አንድ አቧራ ናቸው። ከፈታሁ በኋላ የቱ የቱ ጋ እንደነበር በምን አውቃለሁ? ዓይኔ ሚስቴ ጥሩነሽ ለስፌቷ ያቀለመችው አክርማ ላይ ወደቀ። ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ። ሽቦው ላይ አንድ ዘለላ አሰርሁ፣ ሽቦው የሚገባበት ቦታ ላይም የዚያኑ መልክ። ጎንደር ማን እንዲህ ያደርጋል? ማንም።

ጥሩነሽ ወጥታ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ መኪና ትጠግናለህ ወይስ ሙሽራ ትሸልማለህ?»

«ሙሽራ እየሸለምሁ ነው» አልኋት።

«እንግዲያው ሚዜዎቿ አክርማዬን ይመልሱልኝ። ሰፌዴ ጎዶሎ ቀረ።» ተቆጥታ ሄደች። ጓዳ ገብታ ስትስቅ ግን ሰምቻታለሁ።

ቡሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተበልተው ሰፍተዋል። በፊታውራሪ በኩል ያለው ደጋፊ ብረት ደግሞ ተጣሟል። የገረመኝ፣ የተጣመመው ወደ ታች አይደለም፣ ወደ ወንበሩ ነው። መንገድ ያንገጫገጨው ብረት ወደ ታች ነው የሚወርድ። ይህ ግን ወደ ሰው መጥቷል። እንጃ። መንገዱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ረቡዕ፣ የካቲት ፲፩

ባለ እጁ ዘንድ ዋልሁ፣ ማረሻ የሚሠራልን። የተጣመመውን ብረት ሲያየው «ይኸ በሬ ጎትቶታል እንዴ?» አለኝ። መንገድ ነው አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከተሰበረ ማረሻ አዲስ ደጋፊ አወጣልኝ፣ ወፍራም፣ ዝሆን ቢቆምበት የማይጎብጥ። የተበሉትንም ቀዳዳዎች በብረት ቁራጭ ደፍነን አጠገባቸው አዲስ በሳን።

ብረትና ብረት ከተገናኙ ይንጫጫሉ። ጎንደር መሐላቸው ጎማ እናስገባ ነበር፣ እዚህ ጎማ ከየት ይመጣል? ከአሮጌ ጠፍር ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥሁና ዘይት አጠጥቼ አስገባሁ። ከጎማው ይበልጣል እንጂ አያንስም። የጎደሉትን ሁለት ቡሎኖች ከኋላ ወንበር ሥር ፈታሁ። እዚያ የሚቀመጠው አያ ደምሌ ነው፣ ይችለዋል።

ከሰዓት በኋላ ገጠምኋት። ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። ባትሪውን አሰርሁ። ማብሪያውን ስጫን ቦግ! ሁለቱም መብራት በራ። የነዳጅ ቆጣሪው እንኳ፣ ዓምና የሞተው፣ ቀና አለ! እሱን አልነካሁትም፣ በገዛ እጁ ነው የተነሣው። ለብቻዬ እልል አልሁ። ጥሩነሽ ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ ወጣች። አሳየኋት። መብራቱን ራሷ አብርታ አጠፋች፣ ደግማ አበራች። «በል ጎበዝ» አለች። ከሷ አፍ ይህ እንደ ሹመት ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት ፲፪

ጠዋት ለብቻዬ እስከ ወንዙ ነድቼ ተመለስሁ። ጭጭ! የምትንኳኳ ነገር የለም። እየዘፈንሁ ገባሁ።

የሚካኤል ቀን ስለሆነ ፊታውራሪ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲወጡ ጨፌው ላይ ያሉ ከብቶቻቸውን ልይ አሉ። አያ ደምሌ ከኋላ ተቀመጠ። ፊታውራሪ ደረቷን በከዘራቸው ነካ አድርገው «ዳነች?» አሉኝ። «ድናለች ጌታዬ፣ ካሁን ወዲያ የልጅ ልጅዎም ጎልምሶ አይነቅላት» አልሁ። ምናለ ባልል!

ሜዳውን እንደ ውኃ ሄድን። ወደ ጨፌው የሚያወርደው ቁልቁለት ሲጀምር አዲሱ ብረት ሲያቃስት ሰማሁ። መንገዱን ትቼ፣ ማርያም ትማረኝ፣ ዞር ብዬ አየሁ። ፊታውራሪ ሁለት እግራቸውን ወደ ፊት ተክለዋል። ወገባቸውን ወደ ኋላ ጥለዋል። በሁለት እጃቸው የደረቷን ጠርዝ ይዘው «ቀስ! ቀስ በይ! ኧረ ያዝ!» እያሉ ወደ ራሳቸው ይስባሉ።

ልጓም እየሳቡ ነው! ዕድሜያቸውን ሁሉ በቁልቁለት በቅሎ ሲይዙ የኖሩ ሰው መኪናዋንም እየያዟት ነው። ጉልበታቸው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ብረቱ ቻለ፣ ቡሎኑም ቻለ። አዲሶቹ ቀዳዳዎች ግን ተቀደዱ። ቋ! ያው ጉልበታቸው ላይ።

መንገዱ አይደለም። ሥራዬም አይደለም። እንዴት ደስ አለኝ! ደስታዬ ግን ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ሞተ። ማን ይነግራቸዋል? «ጌታዬ፣ የሚሰብሯት እርስዎ ነዎት» ብል በዚያው ቀን ሞፈሬን መጨበጤ ነው። ለብቻዬ ነድቼ ዳነች ማለቴ ደግሞ የጅል ሥራ ነበር። ሳይጭኑት አህያ ይቻል አይቻል በምን ይታወቃል?

ግቢ ስንደርስ ለአያ ደምሌ «በቅሎዋን ለቅዳሜ አሰናዳ» አሉት። እኔን አላዩኝም። እራቴን አልበላሁም።

አርብ፣ የካቲት ፲፫

እሳቸውን መከልከል አይቻልም። የሚስቡት ሌላ ነገር መስጠት ነው እንጂ። ይህ ነገር ፊቴን ስታጠብ መጣልኝ።

አፍሬም ቢሆን በረት ሄድሁ። አያ ደምሌ ጉልበቱን እያሸ ተቀምጧል።

«ልትሰናበተኝ መጣህ?»

«ልጓም ፈልጌ ነው፣ አያ ደምሌ።»

«ለማን?»

«ለመኪናዋ።»

እስኪያስለው ሳቀ። ያየሁትን ስነግረው ግን መሳቁን ተወ። «አይ አንተ! እኔ እኮ ከኋላ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። የምታውቅ መስሎኝ።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» ቀጥሎ «ቅዳሜ በቅሎዋ ብትሄድ ከኋላዋ በእግሩ የሚከተለው ማን ይመስልሃል?» አለና ጉልበቱን መታ መታ አደረገው። «ይኸ ደብረ ታቦር የሚደርስ ይመስልሃል?»

ደነገጥሁ። «እንግዲያው ሰኞ ለት ለምን ሳቅህብኝ?»

«ሰው ፊት ነዋ! ባልደራስ ሆኜ መኪና ላመስግን?»

ድሮ ከሞተችው በቅሎ የቀረ ጠፍር አወጣልኝ። ቀይ፣ የተሠራ፣ በጥምቀት የሚታሰር። ጫፉን አጥፎ በጁ መያዣ ሰፋለት። እኔ ደግሞ የሸራውን ጣሪያ ከተሸከመው ብረት ላይ፣ በፊታውራሪ መቀመጫ በኩል፣ በሁለት ቡሎን አሰርሁት። ተንጠለጠልሁበት። አያ ደምሌም ተንጠለጠለ። ሁለታችን ባንድ ላይ ተንጠለጠልን። ጥሩነሽ አይታን «ምነው፣ ሁለት ዝንጀሮ» ብላ አለፈች። ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

ደረቷን እንደገና ገጠምሁ። ቀዳዳዎቹን በወፍራም ብረት ደፈንሁ፣ በብረቶቹ መሐል የሚገባውንም የጠፍር ክብ ደረብሁት። እስኪጨልም ስሠራ ዋልሁ። እጄ ቆስሏል። ልቤ ግን ደህና ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት ፲፬። ደብረ ታቦር

ገባን! መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ገባን፣ በመኪና ገባን።

ጠዋት በቅሎዋ ተጭና በአንድ ወገን፣ መኪናዋ ታጥባ በሌላ ወገን ቆመው ነበር። ፊታውራሪ ወጡ። በቅሎዋን አዩ። መኪናዋን አዩ። ቀዩን ጠፍር አዩና «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ሌሊቱን ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

አያ ደምሌ ቀደመኝ። «ልጓሟ ነው፣ ጌታዬ።»

ፊታውራሪ ወደኔ ዞሩ። እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «እስከ ዛሬ ያለ ልጓም ነው ስትወስደኝ ስትመልሰኝ የከረምኸው?!»

ምን ይባላል? «ጥፋት ነው ጌታዬ፣ አሁን ተሠርቶላታል» አልሁ። ገቡ። ጠፍሩን ጨበጡ፣ ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት። «ንዳ» አሉ። በቅሎዋ ጭነቷ ተራገፈላት። አያ ደምሌ ከኋላ ዘሎ ሲገባ ያ ታማሚ ጉልበቱ የት እንደ ሄደ እንጃለት።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ እግሬን ፍሬኑ ላይ አሰናዳሁ። እሳቸው «ቀስ!» ብለው ጠፍሩን ሲስቡ ፍሬን ረገጥሁ። ሲያላሉ ለቀቅሁ። ሲስቡ መርገጥ፣ ሲያላሉ መልቀቅ። ታች ስንደርስ ላባቸውን ጠርገው «አየህ?» አሉ፣ «ስትያዝ ትሰማለች። የምታስቸግር አንተ ነህ እንጂ እሷ ጨዋ ናት።» እሺ ጌታዬ አልሁ። ደረቷ ቀጥ እንዳለች ናት። ቆጣሪው ቀጥ፣ ማብሪያው ቀጥ። ከጠፍሩ በቀር የሚያቃስት ቢኖር አያ ደምሌ ነው። ወንበሩ ሁለት ቡሎን እንደ ጎደለው አልነገርሁትም።

እሑድ፣ የካቲት ፲፭። ደብረ ታቦር

ልጁ ተነሣ። ክርስትናው በሰላም አለቀ። ውኃው ሲነካው እንደ ወይፈን ጮኸ፣ ፊታውራሪም «የኔ ወገን!» ብለው ፈነደቁ። በሰዓቱ ቆመው አዩት። ያደረስኋቸው እኔ ነኝ።

ከምሳ በኋላ አማቶቻቸውን መኪናዋ ዘንድ አመጧቸው። ሁሉም የከተማ ሰዎች፣ ጫማቸው የሚያበራ። ፊታውራሪ ጠፍሩን አሳዩ፣ እንዴት እንደሚሳብ አሳዩ። ደረቷን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አድርገው «ይህን ሁሉ የሠራው የኔ ሹፌር ነው። ከባለ እጅ ቤት እስከ በረት ዞሮ ነው የሠራት» አሉ።

የኔ ሹፌር! እስከ ዛሬ ወይ «አስናቀ» ወይ «አንተ» ነበርሁ። ዓይኔ ዘይት ገባበት ብዬ ዞር አልሁ። ከሰዎቹ አንዱ ለሱም መኪና ልጓም እንድሠራለት ጠየቀኝ። ሳቄን ውጬ አስብበታለሁ አልሁት።

ማታ ከአያ ደምሌ ጋር ጠላ ይዘን ተቀመጥን። ደስ ብሎኛል፣ ብዙ አወራሁ። እሱ ጠላውን አስቀመጠና «ለመሆኑ ዳገት ላይስ አይተሃቸው ታውቃለህ?» አለኝ።

«የት አይቼ? መንገድ ነው የማየው።»

«እኔ አይቻለሁ። ስንመለስ ያ ሁሉ ቁልቁለት ዳገት ነው አይደል? ሰው በቅሎ ላይ ሆኖ ዳገት ሲወጣ ምን ይይዛል?»

ጎንበስ ብሎ ጋማ ይይዛል። ይህን ማን ያጣዋል? የመኪና ጋማ ግን የቷ ናት? ጎንበስ ላለ ሰው ከደረቷ ሌላ የሚያዝ የለም። ሁለታችንም አጥሩ ጥግ የቆመችውን መኪና አየን። ከዚያ ሁለታችንም ጠላችንን ጠጣን።

ዛሬ ሰንበት ነው፣ ነገ ኪዳነ ምሕረት። ካቻቢቴም ሆነ መዶሻ አይነሣም። ማክሰኞ ማለዳ እንነሣለን። ሌላ መያዣ ልሠራላቸው ጊዜ የለኝም፣ ማለዳ ቡሎኖቹን አንዴ ከማጥበቅ በቀር የማደርገው የለም። ይያዟት እንግዲህ። የሠራኋት እኔ ነኝ።