ኮምፒውተርዎ ስለማያውቀው መገጣጠሚያ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይ ወገብዎ እንደምን ነው? ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ቀጥ ብለው ይቆማሉ? ካልሲዎን ሰው ሳያግዝዎ ያጠልቃሉ? ማስነጠስ ሲመጣብዎ ግድግዳ ሳይደገፉ ያስነጥሳሉ? እንዲህ ከሆነ እሰየው፤ ፈጣሪ ያዝልቅልዎ። እነዚህን ጥያቄዎች ለልጄ የሚያቀርብላት ሐኪም ከሆስፒታልዎ ሳፈላልግ ዓመታት ስላለፉ፣ ማንም ሳይጠየቃቸው እንዳይቀሩ ብዬ ለእርስዎ ማቅረቤን ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች የት እንደደረሱ ጸሐፊዎን ስጠይቃቸው፣ «እዚያ ውስጥ ናቸው» ብለው በአገጫቸው ወደ ቢሮዎ በር ጠቆሙኝ። በሩ ዝግ ነበር። እኔም ዝግ በር የማያግደው ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ጊዜዎን ላለማባከን የምለምንዎን አስቀድሜ ልናገር። የፊታችን ሐሙስ የልጄን ወገብ ኦፕራሲዮን ለማድረግ ሐኪሞችዎ ቀጠሮ ይዘዋል። የታመመው ግን ወገቧ ላይሆን ይችላል። የምለምንዎ፣ ቢላዋው ከመነሣቱ በፊት ታሟል ተብሎ የተጠረጠረው ቦታ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ በኤምአርአይ እንዲታይ ነው። በከተማችን ያለው ብቸኛ መሣሪያ የእርስዎ ስለሆነ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

ልጄ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት መስታወት ቆራጭ ናት። የመስኮትና የበር መስታወት በሚቆረጥበት ወርክሾፕ ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ትውላለች። የተጠረጠረው ቦታ፣ አከርካሪ ወርዶ ወርዶ በመጨረሻ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚጋጠምበት፣ ከመቀመጫ ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ ያለ መገጣጠሚያ ነው። የእኔ ሙያ ድልድይ መመርመር ነው። አንድ ድልድይ ተንቃቃ ሲባል መጀመሪያ ተንበርክከን የምናየው አግዳሚው ምሰሶው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ነው፤ ሸክሙ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነውና። የሰው ልጅም የላይኛው ሸክሙ ወደ እግሩ የሚያልፈው በእነዚህ ሁለት መገጣጠሚያዎች ነው። ሆስፒታልዎ ግን እስከ ዛሬ አልተንበረከከም።

እስካሁን ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ዕረፍቱ አመሰግናለሁ። ልጄን በመጀመሪያ ያዩዋት ወጣቱ ሐኪምዎ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ከባድ ነገር አንሥተሽ ይሆናል» ብለው ማስታገሻና የሁለት ሳምንት ዕረፍት አዘዙላት። የሷ ሕመም ግን የሚብሰው ስታርፍ ነው። ሊነጋጋ ሲል ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፤ ተነሥታ ኮሪደሩ ላይ ስትመላለስ ይለቃታል። ጠዋት እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆና ትነሣለች፤ ስትሠራ ትፈታለች። የወርክሾፑ ልጆች «አሮጊቷ» ብለው ነው የሚጠሯት። ጎብጣ ስትገባ «አሮጊቷ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላሉ፤ ቆይታ ቀና ስትል ደግሞ «ኧረ እዩልኝ፣ ምሳ ሳይደርስ ዕድሜዋ በግማሽ ቀነሰ!» ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ያንን የሁለት ሳምንት ዕረፍት ግን በታዘዘው መሠረት ተኝታ ስላሳለፈችው፣ ሲያልቅ ከአልጋ ያነሣናት እናቷና እኔ በሁለት ብብቷ ገብተን ነው። አክስቷ በበኩሏ «አግቢና ውለጂ፣ ምጥ ይፈታዋል» የሚል ማዘዣ አውጥታላት ነበር። ማኅተም የሌለው መሆኑ ነው እንጂ ከሆስፒታልዎ ማዘዣ እምብዛም አይርቅም።

፪ኛ. ስለ ራጁ አመሰግናለሁ። ራጁን ያነበቡት ባለሙያ «አጥንትሽ ያምራል» አሏት። ልጄ ከሕንጻዎ ውስጥ ያገኘችው ብቸኛው ሙገሳ ስለሆነ እስከ ዛሬ አንረሳውም። ነገር ግን ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት፣ ራጅ የሚያሳየው መገጣጠሚያው ከተበላ፣ ጠርዙ ከተሸረሸረ በኋላ ነው። መገጣጠሚያው መቆጣት ከጀመረበት ቀን እስከዚያ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። በራጁ ላይ ጉዳት አለመታየቱ ልጄን በጊዜ ለማከም የቀረን ዕድል ነበር። ሆስፒታልዎ ግን «ምንም የለባትም» የሚል የምስክር ወረቀት አደረገውና ወደ ቤቷ ሰደዳት።

፫ኛ. ስለ ዓይኗ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ዓይኗ ደም መስሎ ብርሃን ማየት አቅቷት ነበር። የዓይን ክፍልዎ ግሩም አድርጎ አዳናት። ይህ የዓይን መቆጣትና ያ የወገብ ሥር ሕመም ብዙ ጊዜ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ኋላ ነው የሰማነው። የዓይን ክፍሉና የአጥንት ክፍሉ የሚተያዩት በግቢው የአትክልት ቦታ ማዶ ለማዶ ስለሆነ፣ እስካሁን የተዋወቁ አይመስለኝም።

፬ኛ. ስለ ደም ምርመራው። «ደህና ነው» ተባለ። የብዙ በሽተኞች ደም ደህና እንደሚሆን ያልነገሩን፣ እንዳናዝን ብለው መሆን አለበት።

፭ኛ. አሁን ወደ ታላቁ ምስጋናዬ ደረስኩ። ከብዙ መንከራተት በኋላ ልጄ እርስዎ ዘንድ ከነበሩት የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም ፊት ቀረበች። እኒያ ሐኪም አስጎነበሷት፣ በጎኗ አስተኝተው ዳሌዋን ተጫኑት፣ ስለ ሌሊቱም ስለ ዓይኗም ጠየቋት። ከዚያም ሕመሙ የመገጣጠሚያው ብግነት ሊሆን እንደሚችል፣ ይኸውም የሰውነቷ መከላከያ በገዛ መገጣጠሚያዋ ላይ ተነሥቶ እያስቆጣው እንደሆነ፣ በጊዜው ካልታከመ አጥንቶቹ ተጣብቀው አንድ እስከመሆን እንደሚደርሱ፣ በጊዜው ከተያዘ ግን መድኃኒት እንዳለው አስረዱን። ልጄ በዚያ ቀን አለቀሰች። ክፉ ወሬ ሰምታ አይደለም። ያመናት ሰው ስላገኘች ነው። ሐኪሟ ብግነት በአጥንቱ ውስጥ የሚያቁረውን ውሃ አስቀድሞ የሚያሳየው ኤምአርአይ መሆኑን ነግረውን፣ «አከርካሪና ዳሌ የሚጋጠሙባቸው የሁለቱ መገጣጠሚያዎች ምስል» ብለው በሚነበብ ጽሕፈት አዘዙ። በሚነበብ ጽሕፈት መጻፋቸው ከሆስፒታልዎ ልማድ ጋር እንዳላስማማቸው ወዲያው ታየ።

ማዘዣውን ይዘን ወደ ምዝገባው መስኮት ሄድን። የመዝጋቢዋ ልጅ ትሑት ናት፤ እሷን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ስክሪኗን ወደ ላይ ወደ ታች ካንከባለለች በኋላ «አባት፣ እዚህ ያለው ጭንቅላት፣ አንገት፣ ወገብ፣ ጉልበት ነው። ይሄን ኮምፒውተሩ አያውቀውም» አለችን። ምን ይሻላል ብንላት «ለሁሉም እንደዚሁ ነው የምናደርገው፤ ቅርቡ ወገብ ነው፣ ወገብ ብዬ ልምታላችሁ» አለችና መታችው። ኤምአርአይ የሚያነሣው ባለሙያ የተመዘገበውን ያነሣል፤ አነሣ። ምስሉ የአከርካሪዋን መሃል ይዞ ቁልቁል ወረደ። መገጣጠሚያዎቹ ደግሞ በጎንና በጎን ስለሆኑ ከምስሉ ውጭ ቀሩ። ቤት ወስደን ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፈን ስናየው፣ ልጄ በጣቷ ከፊልሙ ጠርዝ ወጥታ መስታወቱን ነካችና «የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው፣ አባዬ» አለችኝ። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ላይ የጎረቤት አጥር ነበር የሚታየው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሰው ልጅ አካል ውስጥ ሁለት መገጣጠሚያዎችን ያለ ቀዶ ጥገና በማስወገድ በዓለም የመጀመሪያው ሆስፒታል የእርስዎ ሳይሆን አይቀርምና እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

፮ኛ. ሐኪሟ ስሕተቱን አይተው ማዘዣውን እንደገና ጻፉ። በዚህ ጊዜ ያጋጠመን በእርስዎ ፊርማ የወጣ፣ አንድ የሰውነት ክፍል በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይነሣ የሚያዝ ሰርኩላር ነው። «ወገቧ ዘንድሮ ተነሥቷል እኮ» ተባልን። የምንጠይቀው ያልተነሣውን ነው ብንል፣ ያልተነሣው በኮምፒውተሩ ላይ ስለሌለ ሊነሣ አይችልም፤ ያለው ደግሞ ተነሥቷል። ዩኒቨርሲቲ በነበርኩበት ዘመን ሎጂክ የሚባል ትምህርት ወስጄ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሌለው ነገር ግን መምህራችንም አላሳዩንም። ሐኪሟ ጉዳዩን ለእርስዎ ሊያስረዱ ቀጠሮ ሲጠባበቁ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። ወንበራቸው ላይ ዛሬ አንድ የተበላሸ ፕሪንተር ተቀምጧል፤ ለታካሚዎች የሚሰጠው መልስ ከሌሎቹ ክፍሎች አያንስም።

፯ኛ. እናም የተነሣው ምስል ተነሥቶ አልቀረም። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተላከ። ቀዶ ሐኪምዎ በእጃቸው የታወቁ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥተው «ይቺ ዲስክ ትንሽ ወጣ ብላለች፤ እናስተካክላታለን» አሉ። ትንሽ ወጣ ያለ ዲስክ ምንም የማያመው ሰው ጀርባ ላይም እንደሚገኝ ስጠይቃቸው፣ ልክ መሆኔን አልካዱም። ስለ መገጣጠሚያው ስጠይቃቸው ግን «እኔ በያዝኩት ምስል ላይ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የወጣ ሰው ቅርጫቱ ባዶ ቢሆን ጥፋቱ የሱ አይደለም። ኩበቱን ሲያጣ መሬቱን ልቆፍር ካለ ግን ሊያስቆመው የሚችል አንድ ትልቅ ሰው በአካባቢው ያስፈልጋል። ያ ትልቅ ሰው እርስዎ ነዎት።

አባት ከሆንህ ለምን አትከለክላትም ይሉኝ ይሆናል። ከልክዬ ነበር። ልጄ ግን ትልቅ ሰው ናት፤ ፈርማለች። ለምን ብዬ ስቆጣት፣ ቆማ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «አባዬ፣ ይቅደዱኝ። ባይሻለኝም እንኳ ከእንግዲህ ምንም የለብሽም አይሉኝም፤ ጠባሳዬን አሳያቸዋለሁ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በሃምሳ ምናምን ዓመቴ ብዙ ክርክር ረትቻለሁ፤ ይህን ግን እሷ ረታችኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሆስፒታልዎ ልጄን ያደረሳት፣ የሚታመን ሕመም ለማግኘት ስትል ጤነኛ ወገቧን ለቢላዋ እስከመስጠት ነው።

እዚህ ላይ ማሾፌን ላቁም፤ አቅሜም አልቋል። ልጄን ያመማት በእርግጥ ያ ብግነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። የተማርኩት ድልድይ ነው፣ አጥንት አይደለም። ሐኪሟም «ሊሆን ይችላል» ነው ያሉት። እውነቱ የሚታወቀው ሲታይ ብቻ ነው። ታይቶ ንጹሕ ከሆነ፣ እርስዎን በአደባባይ ይቅርታ ጠይቄ ሐሙስ ጠዋት እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር በገዛ እጄ ደግፌ አመጣታለሁ። ታይቶ ከታመመ ደግሞ፣ በዕድሜዋ ልክ ጎንበስ ቀና ብላ እንድትሠራ የሚያደርጋት መድኃኒት አለ፤ የሚጠብቀው አንድ ምስል ነው። ሰርኩላሩን የፈረመው እጅ የእርስዎ ነው። «ይህችን ልጅ ከሐሙስ በፊት አንሡልኝ፣ መገጣጠሚያዎቿን» ብለው በቃል ቢያዙ የሚቃወምዎ የለም። እባክዎ። ሐኪሞችዎ ቢሳሳቱ እርስዎ የሚያጡት ነገር የለም፤ እኔ ግን ሌላ ልጅ የለኝም።

የክቡርነትዎ አከርካሪ ለረጅም ዘመን ቀጥ ብሎ፣ ክብደትዎንና ኃላፊነትዎን ያለ ሕመም ተሸክሞ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ የደላ፣ ትራስዎ የለሰለሰ፣ በርዎ ደግሞ ለአንድ ቀን ብቻ የተከፈተ እንዲሆን ከልብ እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የመስታወት ቆራጯ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ በሥራ ቦታዋ መስታወት ላይ ምልክት የምታደርግበት፣ ውሃና አልኮል የማያስለቅቀው ቀለም አላት። ሐሙስ ጠዋት ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ ክብ እየሠራች «የሚያመኝ እዚህ ነው» ብላ በገላዋ ላይ ልትጽፍ ወስናለች፤ ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ መናገር እንደማትችል ሰምታ ነው። ከተዛወሩት ሐኪም በቀር እስከ ዛሬ ነቅታ ስትናገር የሰማት ስለሌለ ግን፣ እንደኔ እንደኔ ብዙም ልዩነት አይኖረውም።