ንጉሡን ገድዬ የተናዘዝኩት ሌላ ነው

ሰኞ ጠዋት፣ መጋቢት 4 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤ ካለሽበት ይድረስሽ።

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ። ይህን የምታነቢውን ማንም አልጻፈልኝም፤ እኔው አናጺው አባትሽ በገዛ እጄ ጻፍኩት። የማታ ትምህርቱን በስምንት ወር ጨርሻለሁ። ከእኔ ቀድመው የጨረሱ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ግን ቸኩለው ነው።

ለምረቃችን መምህርታችን ቴአትር ጻፈች። አንድ የጦር አለቃ ያመነውን ንጉሥ ይገድልና ጸጸት ሲያንገበግበው ይኖራል። ገዳዩ እኔ ሆንኩ። ድምፅና ቁመና ሲፈለግ ሌላ ማን አለ? ንጉሡ ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ነው። ዙፋኑንም የእንጨት ጎራዴውንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ሰውዬ ተቀምጦበት ዙፋኑ ሲጢጥ እንኳ አላለም።

ልምምድ ላይ ሆዱን ስወጋው አልሞትም አለ።

«እዚህ ጋ ተወግቶ የሚሞት ነገር የለም። ወደ ላይ፣ ከጎድኑ ሥር።»

«አንተ ዝም ብለህ ሙት።»

«ሙያዬን አታሰድብብኝ፣ ሰውዬ።»

መምህርታችን የተጨነቀችው ግን በእኔ ነው። «ጋሼ፣ ሰው ገድለው የሠርግ ቤት ዘፋኝ ይመስላሉ። ጸጸቱ የታል?» አለችኝ። ጸጸት በቤታችን ደጅ አልፎ አያውቅም ብያት ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ንባብ ልለማመድ ብዬ የእናትሽን ሣጥን ከፈትኩ። ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ እዚያ ናቸው።

ልጄ፣ ማንበብ እንደምችል ለእናትሽ የነገርኳት ሳንጋባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ። አንቺም አምነሽኝ አደግሽ። ደብዳቤሽ ሲመጣ መነጽሬን አድርጌ ከራሴ እየፈጠርኩ አነብላት ነበር። «ደህና ነኝ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ አባዬን ተንከባከቢልኝ» እላለሁ፤ ይቺ የመጨረሻዋ ከአንዱም ደብዳቤ ቀርታ አታውቅም። መልስ ጻፍላት ስትለኝም ጽፌ ልኬያለሁ እላት ነበር። የማታ ትምህርት ስጀምርም ለአናጺነቱ ሒሳብ ልማር ነው አልኳት።

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን በጣቴ እየተከተልኩ አንድ ሰዓት ፈጀሁበት። «አባዬ፣ የሚያገባኝ ሰው አለ። ሳትመርቀኝ አላገባም። አሁንም መልስ ካልመጣ እንደጠላኸኝ እቆጥረዋለሁ፤ ዳግም አልጽፍም» ይላል። ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ ያን ጊዜ ለእናትሽ ያነበብኩላት ስለ አየሩ ጠባይ ነበር።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ንጉሡን ወግቼ ጎራዴውን ጣልኩና ዙፋኑ ሥር ቁጭ አልኩ። መምህርታችን አጨበጨበች። «እንዲህ ነው እንጂ ጋሼ!» ሁለት ሳምንት ሙሉ ስመሰገን ከረምኩ። ታውቂኛለሽ፣ ምስጋና አልጠላም፤ ያ ግን ጎረበጠኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። እናትሽ ከፊት ተቀምጣለች። ንጉሡን ከጎድኑ ሥር ወጋሁት፤ እንደ ግንድ ወደቀ። ንግሥት የሆነችው ልብስ ሰፊዋ «ምን አደረግህ?» ብላ ጠየቀችኝ። በቴአትሩ መልሴ «ምንም» ነበር። ዓይኔ ግን እናትሽ ላይ አረፈ።

«ማንበብ አልችልም ነበር» አልኩ። «ልጃችን ምርቃት ለምናኝ መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ።»

ሰዉ የቴአትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እናትሽ ግን መድረኩ ላይ ወጥታ ጎራዴውን ከእጄ ቀማችኝ። የሞተው ንጉሥ አንድ ዓይኑን ገልጦ፣ «እትዬ፣ ለዛሬ አንድ ሬሳ ይበቃል» አላት።

«ልጅሽ ደህና ናት እያልክ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተኛኸኝ» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያናገረችኝ ዛሬ ጠዋት ነው፤ እሱም አንድ ቃል፣ «ጻፍላት»። ደብዳቤው ከመታሸጉ በፊት መምህርታችን ታነብላታለች። እኔ ላንብብልሽ ብላት ፊቷን አዞረች።

እንግዲህ የዘገየው ምርቃቴ ይኸው። አግብተሽ ከሆነ ትዳርሽ ይባረክ፣ ጎጆሽ ይሙቅ፣ ልጅ ወልደሽ ሳሚ። ሳታገቢ ቀርተሽ ከሆነ፣ ያውም በእኔ ምክንያት ከሆነ... ይህን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት።

መልስሽን በመምህርታችን ስም ላኪው ብላለች እናትሽ። ልክ ናት። ብቻ ፖስታው ላይ ትንሽ ቦታ ከተረፈ «አባዬ» ብለሽ ጻፊበት። እሷን ማንበብ እችላለሁ።

አባትሽ