የታችኛው መስመር ፊደላት

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣ ለቁንጥንጤ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? የምጠይቅሽ ብዙ ስለሆነ በተራ ካልጻፍኩት ይጠፋብኛል፤ አባትሽን ታውቂዋለሽ። አንደኛ፣ ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከባዱን ቅርጫት ብቻሽን አታንሺ፤ ሰው ጥሪ። ሁለተኛ፣ የክፍልሽ በር እየተጣበቀ አስቸገረኝ ብለሽ ነበር፤ አሠራሽው ወይስ ዛሬም በትከሻሽ እየገፋሽ ነው? ሦስተኛ፣ ከሥራ ስትወጪ የምታልፊበት ጨለማ መንገድ መብራት ገባለት ወይ? አራተኛ፣ ትበያለሽ ወይ? ይቺን ሁልጊዜ "እበላለሁ አባዬ" ብለሽ ነው የምታልፊያት። ምን እንደምትበዪ ጻፊልኝ።

እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ደህና ከሆነው ልጀምር። ወንድምሽ ደህና ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ቋሚ አድርጎታል። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም መሰላል ላይ ስወጣ ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ። የታፔላ ሥራ ቀዝቅዟል። ሰው ሁሉ በማሽን የታተመ ስቲከር ነው የሚያስለጥፈው፤ የሚያትመው ደግሞ የገዛ ልጄ ነው። "አባዬ፣ አንተ አንዷን ፊደል ቀብተህ እስክትጨርስ እኔ መንገዱን በሙሉ አለብሰዋለሁ" ይለኛል። እኔም "ያንተ በአንድ ክረምት ይላጣል" እለዋለሁ። ደህና የሆነው ይኸው አለቀ። ደህና ያልሆነችው እናትሽ ናት።

አትደንግጪ ልልሽ ነበር፤ እኔ ራሴ ደንግጬ አንቺን አትደንግጪ ማለት ግን ምን ይባላል? ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትንቀሳቀሳለች። ዓይኗ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነ ነው፤ በሹክሹክታ ባወራም ትሰማኛለች። ደግሞም ድምፅሽን ከሰማሁ ገና ከመጀመሬ ሆድ ይብሰኛል። ስለዚህ ልጻፈው፤ ወንድምሽ ለምሳ ሲመጣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

ጨዋታችንን መቼም አልረሳሽውም። አውቶቡስ ስንጠብቅ ፊት ለፊታችን ካለው ታፔላ ወይ ከመኪና ሰሌዳ ላይ ፊደል እንለቅምና በየፊደሉ የሚጀምር ቃል በተራ እየፈለግን ዓረፍተ ነገር እንሠራ ነበር፤ ያልቻለ ዘንቢሉን ይሸከማል። ዘንቢሉን ማን ይሸከም እንደነበር መናገር አያስፈልግም። እኔ ፊደሉን በብሩሽ አሳምሬ እቀባለሁ እንጂ ቃል አምጣ ሲሉኝ እደናገራለሁ። አንቺም ብትሆኚ ፊደል ትዘዪ ነበር፣ ሲጨንቅሽም ከመሃል ትርፍ ቃል ትሰኪ ነበር። እናትሽ ግን ታፔላውን አይታ ሳትጨርስ ዓረፍተ ነገሩ ከአፏ ይወጣል። በጋዋንና በዩኒፎርም ኪስ ላይ የሰው ስም ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት፤ ፊደል ሁሉ በጣቷ ነው ያለፈው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን "ባልየው ይቀባል፣ ሚስትየው ትጠልፋለች፤ ይሄ ቤት አንድ ቀን ሳይፈተሽ አይቀርም" እያለች ስትስቅብን ትዝ ይልሻል?

እናትሽ ለስኳሯ በየወሩ ክሊኒክ ቀጠሮ አላት፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ተራ ከምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ ዓይን የሚመረምሩበት ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ከላይ መዳፍ የሚያህል አንድ ፊደል አለ፤ ከዚያ ወደ ታች እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ወረፋው ረጅም፣ ሰሌዳው ፊት ለፊት፣ እናትሽም ያው እናትሽ። ገና በመጀመሪያው ወር መስመሩን ሁሉ ዓረፍተ ነገር አደረገችው። የታችኛው መስመር ባ፣ ሲ፣ ጎ፣ ሁ፣ ደ ነበር። በጎን ገረፍ አድርጋ አየችኝና "ባሌ ሲያስነጥስ ጎረቤት ሁሉ ደነገጠ" አለች። ከሱ በላይ ያለው ደግሞ ነ፣ ማ፣ ያ፣ ወ፣ አ ነበር። "ነገር ማሳመር ያውቃል፣ ወንበር አይጠግንም።" ወንበሩን እኮ በኋላ ጠግኜዋለሁ! ያን ቀን ነርሷ በሩን ከፍታ እስክትገላምጠን ድረስ እንደ ልጅ ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ አግዳሚው ላይ በተቀመጥን ቁጥር ትላቸዋለች፣ እኔም እስቃለሁ። ስትጠራ ትነሳና አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና እስከ ታች ድረስ ትወርደዋለች፤ ከዚያ ሌላውን። ነርሷም "እትዬ፣ ዓይንዎማ የኮረዳ ነው" ብላ ካርዷ ላይ ምልክት አድርጋ ትሸኘናለች። ወደ ዓይን ሐኪም የሚላከው ሰሌዳውን ማንበብ ያቃተው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ሳስበው ሁሉም ነገር ይታየኛል፤ ያኔ ግን ለሁሉም ሌላ ምክንያት ነበረው። መርፌዋ ላይ ክር የሚያስገባላት ወንድምሽ ሆነ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ አለች፣ አመንናት። አምፖሉ ደከመ አለች፣ ቀየርኩት፤ አሁንም ደከመ አለች፣ አሁንም ቀየርኩት። ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው መለየት ሲያቅታት ክር ነጋዴውን ረገምነው። ልብስ ሰፊዋ ትንንሽ ስም ያለበትን ሥራ ወደ ሌላ ሰው መውሰድ ጀመረች። ለእኛ ምንም አላለችንም፤ ጨንቋት ይሆናል።

ነገሩ የወጣው ክሊኒኩ ኮሪደሩን ቀለም ሲያስቀባ ነው። አሮጌው ሰሌዳ ወርዶ አዲስ ተሰቀለ። ሙያዬ ስለሆነ ገና ስንገባ አይቼዋለሁ፤ ፊደሉ ቀጭን ነው፣ ክፍተቱም አልተለካም እያልኩ በሆዴ ስተች ነበር። እሷ እንደወትሮዋ "ባሌ ሲያስነጥስ" ስትለኝ የድሮውን አስታውሳ መሰለኝና ሳቅሁ። ተጠራች። ዓይኗን ሸፈነች። "ባ፣ ሲ፣ ጎ፣ ሁ፣ ደ" አለች። ነርሷ ቀልድ መስሏት ፈገግ ብላ "የትኛውን ነው የሚያነቡት እትዬ?" አለቻት። እናትሽም "የታችኛውን ነዋ፣ የኔ ልጅ" ብላ ጥርት አድርጋ ደገመችላት። አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። አንዱማ "እትዬ የሌላ ክሊኒክ ነው የሚያነቡት" አለ። እኔ አልሳቅሁም። አዲሱ ሰሌዳ ላይ አንድም ባ የለም።

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ከላይ ያለውን ትልቁን ብቻ ይንገሩኝ" አለቻት። እናትሽ አንገቷን ወደ ሰሌዳው ሰገግ አደረገች። "አዲሱ ቀለም ያብረቀርቃል" አለች። ከዚያ ዓይኗን እንደሸፈነች ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግን ተነስቼ በሌላ ጎኗ ቆሜ ነበር፤ እሷ የዞረችው ወደተነሳሁበት ባዶ ቦታ ነው።

በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ላኩን። ሐኪሟ ጊዜ ወስዳ አየቻት። ስኳሩ ከዓይኗ ኋላ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች አበላሽቷቸዋል አለች። የቀኙ አይመለስም። የግራው ጥቂት ቀርቶታል፤ ቅርብ የሆነ፣ ትልቅ የሆነ ነገር ታይበታለች። እሱን ለማቆየት መድኃኒት በመርፌ ዓይኗ ውስጥ ይሰጣታል፣ ጊዜ እየጠበቀም ይደገማል። የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ሊይዝላት ይችላል። ከዘገየ እሱም ይሄዳል። ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" አላለችንም፤ ባትለውም ሰማሁት።

ቤት እንደገባን የማደርገው ጠፋኝ። የማውቀው ሥራ አንድ ነው፤ ካርቶን ቆርጬ በጥቁር ቀለም ፊደል ቀባሁ። በመጀመሪያ የእንቁላል ያህል፣ ከዚያ የሳህን ያህል፣ ከዚያ ካርቶኑን ሙሉ። እያነሳሁ "ይቺስ? ይቺስ?" እላለሁ። "ቤቴን ክሊኒክ አታድርገው" ብላ ካርቶኑን ከእጄ ነጠቀችኝ። የጨውና የስኳሩን ቆርቆሮ በትልልቁ ስጽፍባቸውም "ጣቴ ያውቃቸዋል፣ አትልፋ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጣቷ ያውቃቸዋል። እኔ ነኝ መጻፍ የፈለግሁት።

አሁን አልሄድም ብላለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ዝምም ብዬ አየሁት። ልብስ ሰፊዋም መጥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ደርሳ ነበር። "የቀረችኝ ይቺ ጭላንጭል ናት፤ እሷንም በመርፌ አስወግቼ ልጣት?" ትላለች። "የጠፋውን የማይመልስ ከሆነ ለምኔ ነው?" ትላለች። አውቀሽው ነበር ወይ ብዬ ስጠይቃት ደግሞ "እኔ አልዋሸሁም። ሰሌዳው ጋ ስቆም ፊደሉ ይመጣልኝ ነበር። መቼ ማየቱን ትቼ ማስታወሱን እንደጀመርኩ እኔም አላውቀውም" አለችኝ።

ይሄን ካለችኝ ወዲህ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል፤ ላንቺም ሳልነግርሽ ባልፍ ይሻል ነበር፣ ግን ያስፈልግሻል። ፀጉርሽን አሳጥረሽ ተቆርጠሽ በስልኩ ብቅ ስትዪ እኔ አይቼ ዝም አልኩ፤ እናትና ልጅ ይነጋገሩበት ብዬ። እናትሽ ግን እስከ ዛሬ በደወልሽ ቁጥር "ፀጉርሽን አስይዢው፣ ማሽኑ ውስጥ ይገባብሻል" ትልሻለች። አንቺም በነገር የወጋችሽ እየመሰለሽ ትስቂያለሽ። አልወጋችሽም፣ ልጄ። እሷ የምታየው አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ የሸኘቻትን ልጅ ነው። "አምሮብሻል" የምትልሽም ያችኑ ልጅ ነው። አንቺንም በቃሏ ይዛሻለች።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ቅዳሜ እንደምትደውዪው ደውዪ። አንደኛ፣ አታልቅሺ፤ ካለቀስሽ አንቺን ማባበል ትጀምርና የራሷን ትተወዋለች። ሁለተኛ፣ አባዬ ጻፈልኝ በያት፣ አትደብቂ። ትቆጣኝ፤ ቁጣዋን ለምጄዋለሁ። ሦስተኛ፣ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ እንዳትያት፤ በእኔ ምክንያት ብላ ጭራሽ ትደርቃለች። ስለመምጣቱ እኔና አንቺ ለብቻችን እንነጋገራለን። አራተኛ፣ ስለ መርፌው አትሟገቻት፤ ሁላችንም ተሟግተን አልቻልናትም። ፀጉርሽን መቁረጥሽን ብቻ ንገሪያት። እንዴት እንዳጠረ፣ ጆሮሽ እንዴት እንደሚታይ፣ ማን እንደቆረጠልሽ፣ መስታወት ስታዪ ምን እንደተሰማሽ። እኔ ስልኩን ወደ ግራ ዓይኗ በጣም አስጠጋላታለሁ። አንቺም ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ ተቀመጪ፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ይረፍ። ይታያት አይታያት እንጃ። ባይታያትም ያላየችው ፊት እንዳላት ታውቃለች፤ ያን ለማየት ስትል ትሄድ ይሆናል። ሐኪሟም እኔም ያልቻልነውን ፀጉርሽ ከቻለው ነው። ካልቻለው ሌላ የማውቀው መላ የለኝም።

ወንድምሽ "የላክሽልኝ ጫማ ልክ ሆነ፣ ቀለሙ ግን የሽማግሌ ነው" ይልሻል። ልብስ ሰፊዋ ሰላምታዋን እንዳልረሳ ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች፤ አንተን አላምንህም፣ ጽፈህ አሳየኝ ብላለች። ታች ቤት ያለው ጡረተኛ ሹፌር "ከመሸ አትውጪ" ይልሻል፤ እኔና እሱ የምንስማማው በዚህ ብቻ ነው። አብራሽ የምትኖረዋን ልጅ ሰላም በይልኝ፤ ቅዳሜ ስትደውዪ አጠገብሽ ትሁን።

እናትሽ ሰላም አላለችሽም፤ መጻፌን አታውቅም። ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ካረጀ ጋዋን ላይ የተጠለፈ የሰው ስም በጣቷ እየዳበሰች ክሩን ትፈታለች። የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰምታ "ምንድን ነው የምትጽፈው?" አለችኝ። የታፔላ ረቂቅ ነው አልኳት። "ረጅም ታፔላ ነው፤ ባለሱቁ ወሬኛ ነው መሰለኝ" ብላ ሳቀች። ድሮ ቢሆን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለሁ ከወዲያ ማዶ ገልብጣ አንብባ ትጨርሰው ነበር። ወረቀቱን አልሸፈንኩትም።

የሚሳሳልሽ አባትሽ

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ረቡዕ፣ ጥር 9 ቀን