አስቴር የቀረጸችው ቪዲዮ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የእህቴ ልጅ ሜሮን ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ከማመልከቷ በፊት ክሊኒክ ውስጥ ሠርታ ማሳየት አለባት። ስንቱን ለምና በመጨረሻ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ አበሻ ሐኪም ተቀበላት። ዛሬ እኔ አደረስኳት። እናቷ አስቴርም ሠርግ የተጠራች ይመስል ለብሳ አብራን መጣች።

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የምራቅ መሳቢያውን ለሜሮን አስያዛት። ጥርሳቸውን የሚያስነቅሉት እማማ ጥሩነሽ፣ የአስቴር የጽዋ ማኅበር አባል ናቸው። አስቴር ማንንም ሳትጠይቅ ገባችና ልጇን በስልኳ ቀረጸች። እዚያው ቆማ ለማኅበሩ ግሩፕ ላከችው። ከሜሮን ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የእማማ የደማ ድድ ነው።

የእማማ ልጅም ግሩፑ ውስጥ አለች። እናቷ ከወንበሩ ሳይነሱ ክሊኒኩ ደወለች። ሐኪሙ ሜሮንን ወደ ጥግ ወስዶ ከእንግዲህ እንዳትመጣ ነገራት።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ አስቴር መኪና ውስጥ። «ሰውዬው ድሮም ፊቱ አላማረኝም።»

ሞኝ እንዳልላት፣ ሞኝ እንኳ አንዳንዴ ያፍራል።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ደሊት አድርጊው» አለች ሜሮን፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

«ይሄ ሁሉ ሰው እየመረቀሽ?»

ምርቃቱን ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር። «ዶክተር ሜሮን፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ይላል አንዱ። በልጅቷ ፈንታ ራሷ አሜን አለች።