ሦስተኛው ቀን በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ

ለክቡር የሲቢዩ ከተማ የጉብኝት ሥርዓት ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወደ ቢሮዎ የሚያደርሰውን ደረጃ ሦስት ጊዜ ስለ ወጣሁት አርባ አራት እርከን እንዳለው አውቃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስደርስ እርስዎ ገና አለመግባትዎን ሲነግሩኝ፣ መቼም እንዲህ ያለውን ዳገት በየቀኑ የሚወጣ ሰው መዘግየቱ አይፈረድበትም ብዬ ከልቤ አዝኜልዎታለሁ።

እኔ ሳቬታ ሞልዶር እባላለሁ። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛልና ቃሌ ቢንዛዛ ይታገሱኝ። በጋዜጣ እንዲወጣ መለመኔም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በእጄ ያመጣኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች በቢሮዎ ስለ ጠፉ፣ ጋዜጣ ደግሞ በብዙ ቅጂ ስለሚታተም፣ አንዱ እንኳ ከጠረጴዛዎ ቢደርስልኝ ብዬ ነው።

ልጃችን ኢሊንካ በዚህች ከተማ ዘጠኝ ዓመት አስጎብኚ ነበረች። «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጡት? የዓለም ሕዝብ አይቶት እናንተ ብቻ ቀራችሁ እኮ!» ስትለን፣ እኛ ከተራራችን ሆነን «ድርቆሹ ይግባና» እንላታለን፤ ድርቆሹ ሲገባ ደግሞ «በጎቹ ይውለዱና» እንላለን። በጎቹ በየዓመቱ ወለዱ። እሷ ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ታመመችና በሦስት ሳምንት ሞተችብን።

ዕቃዋን ስንሰበስብ አንድ ሰማያዊ ደብተር አገኘን። ሽፋኑ ላይ «ለእማዬና ለአባዬ፤ ሦስት ቀን» ይላል። በየትኛው በር እንደምንገባ፣ የት እንደምናርፍ፣ ምን እንደምናይ፣ ሁሉንም ጽፋልናለች።

ስለዚህ ዘንድሮ ድርቆሹን መስክ ላይ ትተነው መጣን።

ባለቤቴ ግሪጎሬ ዓይኑ ስለ ደከመ የማነበው እኔ ነኝ። «እዚህ ጋ አባዬ ጫማው ጠበበኝ ይላል፤ ከፏፏቴው አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ፣ አስቀምጪው፣ አትጨቃጨቁ» ይላል ደብተሩ፤ ግሪጎሬ ጫማው የጠበበው ልክ እዚያው ላይ ነው። «ጣሪያዎቹ ላይ ዓይን የሚመስሉትን መስኮቶች እይ አባዬ። ልክ እንደ አክስቴ ሁሉን ያያሉ፤ ደግነቱ እንደ አክስቴ አያወሩም» ይላል። ግሪጎሬ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

በሳቁ ነው መሰለኝ ሰው ይጠጋን ጀመር። መጀመሪያ አንዲት ተማሪ፣ ቀጥሎ ውሻ የያዘ ሰው፣ ከዚያ ከያሺ ከተማ የመጡ ባልና ሚስት። እኔ ልተወው ስል ግሪጎሬ «አንቺ ሴትዮ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ! ከኋላ ያለው ሰውዬ አልሰማም» ይለኛል። እኔም ለልጄ ነፍስ የጋገርኩትን ጣፋጭ ዳቦ ይዤ ስለ ነበር፣ እንደ ወጋችን ቆሞ ለሰማ ሁሉ እየቆረስኩ ሰጠሁ፤ የተቀበለውም ሁሉ እንደ ወጉ «ነፍስ ይማር» እያለ በላ። በሁለተኛው ቀን «የውሸት ድልድይ» ከሚባለው የብረት ድልድይ ላይ ስንደርስ አሥራ አንድ ሆነን ነበር። ተቆጣጣሪዎ አቶ ኦቪዲዩ የመጡት እዚያ ነው።

አሁን በታላቅ አክብሮት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። አቶ ኦቪዲዩ «ሴትዮ፣ የማስጎብኘት ፈቃድ አለዎት?» ሲሉኝ፣ ባለቤቴ ቀደም ብሎ «እኔን ስትመራኝ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ማንም ፈቃድ አልጠየቃት» አላቸው። ይህ ቃል እንደ እምነት ክህደት ቃል መመዝገቡን ከሪፖርታቸው አይቻለሁ። ዳቦዬም «ቡድኑ መስተንግዶ አለው» ተብሎ ተጽፎልኛል። ለአድናቆቱ አመሰግናለሁ፤ የሙት ዳቦ እንዲህ ባለ ማዕረግ ሲጠራ መንደራችን ሰምቶ አያውቅም።

ሁለተኛ። ደብተሩ በኤግዚቢትነት ተያዘ። ተቆጣጣሪው ግን ጨዋ ሰው ናቸውና «አይጨነቁ እናቴ፣ በሦስት ቀን ይመለስልዎታል» አሉኝ። ይህን ያሉት ድልድዩ መሐል ቆመው ነው። ውሸታም ሲረግጠው ይደረመሳል የሚባለውን ድልድይ የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አልተደረመሰም፤ እኔም አመንኩ። ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የዱሮ ሰው ብረት ሲሠራ እንዴት አድርጎ ነው የሚሠራው!

ሦስተኛው ቀን ይቀረናል፣ ክቡር ሆይ፤ የመጣሁበት ነገር ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ እስከ መጨረሻው ላንብበው ብዬ ደብተሩን ስገልጥ ግሪጎሬ እጄን ያዘኝ። «ነገን ዛሬ አናነበውም። ከዚህ በኋላ ሌላ አትጽፍልንም» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ከደንኩት። ስለዚህ ልጃችን በሦስተኛው ቀን የት ልትወስደን እንዳሰበች ከእኛ ከሁለታችን አንዳችንም አናውቅም። ምናልባት አቶ ኦቪዲዩ ያውቁ ይሆናል። ባለቤቴ ጫማውን ሰፋ እንዲል የእንጨት ቅርጽ ከትቶበት በር ላይ አስቀምጦታል፤ በየጠዋቱ ወጣ ብሎ ይዳብሰዋል።

ለሦስተኛ ማመልከቻዬ መልስ ስለ ሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱም፣ ደብተሩ የሚመለሰው የጽሑፉ ባለቤት በአካል ቀርባ ቅጽ ስትሞላ ብቻ ነው ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህን የእርስዎን መመሪያ ከእኔ በላይ የሚወድ ሰው በዚህ ምድር የለም። በአካል የምትቀርብበትን ቀንና ሰዓት ቢነግሩኝ አርባ አራቱን እርከን በሩጫ እወጣዋለሁ።

ያለ ፈቃድ ስለ መምራት ግን አንድ የምለው አለኝ። የኢሊንካ የማስጎብኘት ፈቃድ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በእርስዎ ፊርማና ማኅተም እስከ መጪው ዓመት መጨረሻ የጸና ነው። ያን ቀን ያስጎበኘችው እሷ ነበረች፤ እኔ ድምፅ ብቻ ሆኜላታለሁ። የቤተ ክርስቲያኑም የመንደሩም መዝገብ ሞታለች ይላል። ስሟ ከሕያዋን ጋር ያለው በእርስዎ መዝገብ ብቻ ነው። ስሟን ሳይሰርዙ ስለ መዘግየትዎ ያለ ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ፤ በዚህ በአንዱ ነገር እንኳ አይፍጠኑ።

የምለምነው ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ደብተሩ እንዲመለስልን ነው። ሕጉ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው ይላኩልንና ሦስተኛውን ቀን እሱ እያነበበ ይምራን፤ እኛ በሥርዓት ከኋላ እንከተላለን። ድምፁን ብቻ ከፍ ያድርግ።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ቢሮ የሚገቡበትን ቀን ያብዛልኝ እያልኩ፣ ከበሩ ውጭ ባለችው ጠንካራ ወንበር ላይ ረጅም ጊዜ የተቀመጥኩት አክባሪዎ፣

ሳቬታ ሞልዶር፣ የኢሊንካ እናት

ማስታወሻ፦ አቶ ኦቪዲዩ ያን ቀን ሁለት ቁራሽ ዳቦ ለማስረጃ ወስደው ነበር። ድልድዩን ሳይሻገሩ አንዱን ሲበሉ አይቻቸዋለሁ፤ ፍርፋሪው ጢማቸው ላይ ነበር። ዳቦዬ ስለሚጥም አይቆጧቸው። ግን «ነፍስ ይማር» ሳይሉ ሄዱ። እባክዎ ይህችን ቃል ይበሉልኝ። ለእሷ ቅጽ መሙላት አያስፈልግም፤ ባለቤቷም በአካል መቅረብ የለባትም።