ከዲግሪ በላይ ወይስ በታች

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የአዲስ አበባው ብርድ ደረትሽን ለቀቅ አደረገልሽ ወይ? እኛ ከነሙቀታችንና ከነትንኛችን ደህና ነን፤ ስሙ ይመስገን። እናታችንን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ እሁድ እሁድ ግን ከመዘምራኑ ቀድማ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው እሷው ናት። የባሮ ወንዝ ሞልቷል። ከኢታንግ የሚመጣው መኪና ጭቃ ውስጥ እየቀረ ዘመዶቻችንን ካየን ሰነበትን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የትምህርት ቢሮው መልስ ሳይደርስሽ ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው የቸኮልኩት። ያመለከትሽበት የሴት ልጆች ትምህርት ክፍል ኃላፊነት አልተሰጠሽም። ባለፈው ማክሰኞ ኮሚቴው ማመልከቻሽን ጣለው። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምበላው አይጣፍጠኝም፤ ምራቄ ራሱ መሮኛል።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ እዚህ የተማረ ሰው በመብራት ይፈለጋል። አንዱ ከሞስኮ፣ አንዱ ከካርቱም፣ አንዱ ከለንደን ተምሮ ይመጣል፤ ያመጣው ትምህርት የቱ ከየትኛው እንደሚበልጥ ግን የሚያውቅ የለም። ይህን መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ከተማ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው፤ ከደጋ መጥተው እዚህ ያረጁ፣ ጉቦ የማይነኩ ሰው ናቸው። ከጤና ቢሮ ወይዘሮ ሩሐማ አለች። እኔ መምህራንን ወክዬ ገባሁ። አራተኛው ኦጅዋክ ነው። አዎ፣ እሱው፤ የአንቺው እጮኛ የነበረው። አሁን የትምህርት ቢሮው የዕቅድ ኃላፊ ሆኗል፤ በመኪና ነው የሚሄደው።

ከኮሚቴው ስብሰባ በፊት የሆነውን ግን ላስቀድም። በክረምቱ መግቢያ ለርዕሰ መምህራን ስልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሰልጣኙ ኦጅዋክ ነው። እንግሊዝ አገር የተመረቀበትን ጽሑፍ በሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን አስጠርዞ ይዞ መጣና ሴቶች ልጆች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ ከውስጡ እየተረጎመ ያነብልን ጀመር። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ጽሑፍ ነው። አንድ ቦታ ሲደርስ ስለ አንዲት የኢታንግ እናት አነበበ። ባሏ ለልጃቸው ጥሎሽ የተቀበለውን ዶቃ በቅል ከታ፣ በዝናብ ባሮን በታንኳ ተሻገረች። ለቀዛፊው የምትሰጠው ስላልነበራት ግማሹን መንገድ ራሷ ቀዘፈች። ዶቃውን ከሙሽራው አባት ደጅ አስቀምጣ «ልጄ ማንበብ ጀምራለች» ብላ ተመለሰች።

አዳራሹ አጨበጨበ። የእኔ እጅ ግን አልተነሳም። ያቺ እናት የእኛ እናት ናት። ልጅቷ አንቺ ነሽ። አባታችን ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ያፍርበት ስለነበር ከቤታችን ደጅ ያልወጣ ታሪክ ነው። በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ ያቺን ሴት የት አገኘሃት አልኩት። በጥናቱ ወቅት ኢታንግ ነው አለኝ። ምን ትመስላለች ብዬ ስጠይቀው፣ ብዙ ሰው ስላነጋገርኩ መልኳ ጠፍቶብኛል አለኝ። ስንት ጊዜ ከእጇ የበላ ሰው! ያም ሆኖ እጮኛሽ ነበርና አጫውተሽው ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ማክሰኞ ዕለት ያንቺ ጉዳይ ቀረበ። እህትሽ መሆኔን አስታውቄ ድምፅ እንደማልሰጥ ተናገርኩ፤ አቶ ከተማ ግን የምታውቂውን ብታስረጂን ይጠቅመናል አሉኝ። ለቦታው የሚፈለገው ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የተማረ ሰው ነው። እሳቸው የሚያውቁት ሰርተፍኬት፣ ከዚያ ዲፕሎማ፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ ማስተርስ ነው። ከእንግሊዝ ያመጣሽውን ማስረጃ ገልብጠው ገልብጠው አዩትና «ዲፕሎማ ይላልኮ። ዲፕሎማ ከዲግሪ በታች ነው። ይሄ ፖስት የሚለው ደግሞ ምንድነው?» አሉ። ኦጅዋክ «ፖስታ ቤት ነዋ!» አለና ሳቀ። እነሱም ሳቁ።

ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅኩና አንቺ እንዳስረዳሽኝ አድርጌ አስረዳኋቸው። በእንግሊዝ አገር በክፍል ትምህርት የሚሰጠው ማስተርስ መጀመሪያ ኮርሶች አሉት፤ ቀጥሎ በክረምቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፋል። ሁለቱንም የጨረሰ ማስተርሱን ይወስዳል፤ እንዲያው ያለፈ ፓስ፣ ሻል ያለው ሜሪት፣ የላቀው ዲስቲንክሽን ይባልለታል። ኮርሶቹን ሁሉ አልፎ ጽሑፉን ያላስገባ ደግሞ ፖስት ግራጁዌት ዲፕሎማ ይሰጠዋል። ስሙ ዲፕሎማ ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ሰው አይገባበትም፤ ስለዚህ ከዲግሪ በላይ ነው አልኩ። በኮርሶቹ ያመጣሽው ውጤትም ዲስቲንክሽን የሚያሰጥ እንደነበር ጨመርኩ።

ወይዘሮ ሩሐማ በቅንነት ነው የጠየቀችው። እንዲህ ጎበዝ ከሆነች ታዲያ ጽሑፉን ከማስገባት ምን ከለከላት አለች። እኔ ወደ ኦጅዋክ ዞርኩ። «ያን ክረምት አብረሃት ነበርክ። ቀን ቀን ቤተ መጻሕፍት፣ ማታ ማታ ኮምፒዩተር ላይ እንደሆነች ትጽፍልን ነበር። ምን ስትሠራ ነበር?» አልኩት።

ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። ከዚያ እንደ ቄስ ረጋ ብሎ «ሰነፈች አልልም፤ አንዳንድ ሰው መጻፍ ይከብደዋል» አለ።

አንቺን ነው! ገና ተማሪ ሳለሽ የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ ስትጽፊ ያደግሽውን!

አቶ ከተማ ነገሩ እንዲያጥርላቸው ፈለጉ። «አንተ እዚያው የተማርክ ሰው ነህ፣ የምናምነው አንተን ነው። ይሄ ነገር ከዲግሪ በላይ ነው ወይስ በታች?» አሉት። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅበት። «በላይ ነው» ቢል ሰኞ ሥራ ጀምረሽ ነበር። የሚያውቀውን ነው የተጠየቀው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተቀመጣችሁት። እሱ ግን ጣቶቹን አቆላልፎ «ዲፕሎማ ዲፕሎማ ነው። የእኔ ማስተርስ ነው፣ ያውም በሜሪት። የእሷ ሌላ ነው» አለ። አቶ ከተማ ጻፉ፤ አለቀ። ያን ጊዜ የእጁን ልስላሴ፣ የሸሚዙን ንጣት፣ ሽቶውን ሁሉ ተጠየፍኩት። ስንወጣ እጁን ሲዘረጋልኝ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ አለፍኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ ደግ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስኳርና ሳሙና ይዞ ቤታችን መጣ። እናታችን ምን ታውቃለች? የተለያያችሁት በአገር ርቀት ይመስላታል። ዛሬም «ልጄ» ነው የምትለው። ከዛፉ ጥላ ሥር ወንበር አወጣችለት፤ የተጠበሰውን ዓሣ ከነገንፎው አቀረበችለት። እሱም እየበላ ለእኔ ይነግረኛል። በኮሚቴው ነገር አዝኗል፤ እጁ ታስሮበት ነው። ነገር ግን መላ አያጣም። በእሱ ሥር የኮንትራት ቦታ ሊከፍትልሽ ይችላል። ለክልሉ ምክር ቤትና ለለጋሾች የሚሄደውን ዕቅድና ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ቸግሮታል። ከዚያ ጣቱን እየላሰ ምን አለኝ መሰለሽ? «እሷ ትሻለኛለች፤ አጻጻፌን ታውቀዋለች» አለኝ።

ማክሰኞ መጻፍ የሚከብዳት ሴት ቅዳሜ ይህን ሆና አረፈች።

እህቴ፣ ያን ክረምት ማታ ማታ የማንን ጽሑፍ ስትጽፊ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁት። እናታችን ደነገጠች፤ እንግዳ ከምግብ ይነሳል ወይ ብላ በቋንቋችን ተቆጣችኝ። አንቺ ያልነገርሽኝን እኔ ልነግራት አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ አልኳት፦ ዶቃውን የመለሰችውን ሴት ታሪክ ለሕዝብ ያነባል፣ የሴትየዋ መልክ ግን ጠፍቶበታል አልኳት።

እሷም ያመመ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ከጥላው ወጥታ ፀሐዩ ላይ ቆመች። ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ በቀስታ፣ እሱም በሚገባው በቋንቋችን «እንግዲያው አሁን በደንብ እየኝ» አለችው።

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ተነስቶ ሲሄድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲገባ እንኳ ልብ አላለም። እናታችን ከዚያ በኋላ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ያን ምሽት ለብቻዋ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም።

እኔ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። አቶ ከተማ መልቀቂያዬን ሲቀበሉ ምክንያቴን ጠየቁኝ፤ የትምህርት ሚኒስቴርን ይጠይቁ፣ ስለ ፖስት ግራጁዌት ዲፕሎማ የሚሉዎትን ከሰሙ በኋላ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ይጠይቁ አይጠይቁ አላውቅም። ተስፋ አድርጊ ብዬ ላታልልሽ አልሻም። ቦታው እስካሁን ሰው አልተመደበበትም።

የእንግሊዙ መምህርሽ ዲፕሎማውን መልሰሽ ጽሑፉን ብታስገቢ ማስተርሱን እንሰጥሻለን፣ ጊዜ አለሽ ብሎሽ እንደነበር አልረሳሁም። ያ ጊዜ ሳያልፍ ሌላ ጉዳይ አንሺ፤ እዚህ ያልተጻፈ ሞልቷል። የእኔን ክፍል ለቅቄልሻለሁ፣ ጠረጴዛም አሠርቻለሁ። መንገዱ ሲደርቅ ነይ። ሥራ ኖረም አልኖረም ነይ።

እሱ መጻፉ አይቀርም። ወይ ይቅርታ ብሎ፣ ወይ ያንን የኮንትራት ሥራ አጣፍጦ ይልክልሻል። አደራሽን፣ ከእንግዲህ ለዚያ ሰው አንድ መስመር እንኳ እንዳትጽፊለት።

ጌታ በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ የድካምሽን ፍሬ ራስሽ ብዪው። እናታችን ትስምሻለች።

የምትናፍቅሽ
ታላቅ እህትሽ
ጋምቤላ