የሃሎዊን ምሽት በአባትሽ በረንዳ

ለማልረሳሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጤናሽስ? ሥራውስ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽስ? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው። ባሌ ዴል እንደ ልማዱ ቴሌቪዥን ፊት ያንኮራፋል፤ ልጄ ቤካ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። ይህን የምጽፍልሽ ግን በስልክ ላናግርሽ ስላልቻልኩ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ደጋግሜ ደወልኩልሽ። ስልኩ ይነሳል፣ ድምፄ ይሰማል፣ ይዘጋል። ፓስተሩም ሞክሮ እንደዚያው ሆነበት። የአባትሽ ልጅ ነሽና አልተቀየምኩሽም። እባክሽ ይህን ቆመሽ አታንብቢው፤ ተቀመጪ።

አባትሽ ዐርፈዋል። ቅዳሜ፣ በሃሎዊን ዕለት። ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ አስቤ ነበር፤ አንቺ ግን መዞር አትወጂም። እንዴት እንደሆነ ደግሞ ከተማው የራሱን ሳይጨምርበት ከእኔ ብትሰሚ ይሻላል።

ልጆቹ ጭምብል ለብሰው ከቤት ቤት ከረሜላ ሲለምኑ በየዓመቱ የሚያደርጉትን ታውቂያለሽ። ያንኑ አሮጌ ቱታ ለብሰው፣ እጅጌና አንገታቸው ላይ ገለባ ጎስጉሰው፣ ዐይን የተሣለበትን ጆንያ ራሳቸው ላይ አጥልቀው፣ የከረሜላውን ሳህን ጭናቸው ላይ ይዘው በረንዳው ላይ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ድርቅ ይላሉ። ልጁ እጁን ሲሰድ፣ ብድግ! አንድ ዓመት ጫማዬን ጥዬ መፈርጠጤን እስከ ዘንድሮ ድረስ ይስቁብኝ ነበር።

መጀመሩን የሚያበስረው የእሳት አደጋው ሳይረን ጮሆ ልጆቹ ሲለቀቁ፣ የንብ ልብስ የለበሰችውን ቤካን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ጋ ነው። "ስጡን፣ አለዚያ ጉድ እንሠራዎታለን!" ብላ ጮኸችባቸው። ዝም። እጇን ሰደደች፤ ዝም። ሁለት ከረሜላ አነሳች፤ ዝም። "እማዬ፣ ዘንድሮስ የእውነት አሻንጉሊት ነው ያስቀመጡት" አለችኝ። እኔም ጠቀስ አድርጌያት "ቆይ፣ ጀርባሽን እስክትሰጪያቸው ነው የሚጠብቁት" አልኳት። ፎቶም አነሳኋት፤ ክንፏ ትከሻቸውን ነክቶ። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ነው። የማሳጥብበት ድፍረት የለኝም።

ማስፈራሪያው እንደማይነሳ በመንደሩ ተወራ። ልጆቹ "ሽማግሌው እንቅልፍ ጥሏቸዋል!" እየተባባሉ ተመላልሰው ሳህኑን ጠረጉት። ሮና የምትባል፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የገባች ጯሂ ጎረቤት አለችን። ከቤቷ ከረሜላ አምጥታ ጭናቸው ላይ ሞላችላቸው፤ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርጋ "ሚስተር ኬስለር፣ በስተርጅና ተዋናይ ወጣዎት!" አለቻቸው። ሁላችን ሳቅን። አስቢው፤ ሳቅን።

እኔ ወደ ቤቴ ተሻግሬ ደጄ ላይ ከረሜላ ሳድል፣ አንዲት ረጅም ሴት መንፈስ ለመምሰል ነጭ አንሶላ ተከናንባ፣ ልጅ ሳታስከትል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል መጣች። ልጆቹ እስኪያልፉ ዛፉ ሥር ጠበቀች። ከዚያ ደረጃውን ወጥታ ፊታቸው ቆመች። በዚያ ምሽት እዚህ ከተማ ከአንሶላ ሥር ያለው ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቤካ ግን የወደቀ ከረሜላ ስትለቅም እዚያው በረንዳው ሥር ነበረች። ሮጣ መጥታ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ "ትልቋ መንፈስ 'እኔ ነኝ' አለቻቸው። ዝም አሏት። 'አሁንም አታናግረኝም?' አለች። ዝም አሏት። ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ 'እሺ፣ እንደፈለግህ' ብላ ሄደች። እማዬ፣ መንፈስ ያለቅሳል እንዴ?"

ማብቂያው ሳይረን ሲጮህ፣ እንደ ወትሮው ሰው ሁሉ ደጃቸው ተሰበሰበ። ጆንያውን አውልቀው እጅ የሚነሱት ያኔ አይደል? አጨበጨብን። አልተነሱም። የበለጠ አጨበጨብን። ሮና "ኧረ ይብቃዎት፣ ብርዱ ይገድልዎታል!" ብላ ጮኸች። ዴል እየሳቀ ወጣና ጆንያውን ገለጥ አደረገው። ወዲያው መልሶ ሸፈነው። ከዚያ የራሱን የተኩላ ጭምብል አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘው። የፊተኞቹ እጃችን አየር ላይ ቀረ፤ ከኋላ ያሉት ግን ያላዩ ናቸውና አሁንም ያጨበጭባሉ። ያ ጭብጨባ ከጆሮዬ አልወጣልኝም።

ዶክተሩ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ከልጆቹ ጋር ሲዞር ነበር የተጠራው። ቀለሙን በእጅጌው እየጠረገ መረመራቸው። ልባቸው ነው፤ ቀጥ ያለው የመጀመሪያው ሳይረን ከመጮሁ በፊት እንደሆነ፣ ሰውነታቸው ከቀዘቀዘ እንደቆየ፣ ሥቃይም እንዳልነበረው ነገረን። ልጆቹን ለመጠበቅ እንደተቀመጡ ነው የሄዱት።

ይህን ደግመሽ አንብቢልኝ። ከዚያ በኋላ ደረጃውን የወጣን ማንንም ሰው አላኮረፉም። ፊታቸውን አላዞሩም። አልነበሩም እኮ።

ሌላም አለ። በዚያው ሳምንት ቱታቸውን ልናዘጋጅ ገለባውን ስጎሰጉስላቸው፣ ድንገት "ያቺ ልጅ ትደውልልሻለች?" አሉኝ። በእናትሽ ቀብር ማግስት ያን ክፉ ቃል ከተወራወራችሁ ወዲህ ስምሽን አንስተው አያውቁም ነበርና ደነገጥኩ። "አንዳንዴ" አልኳቸው። "ደህና ትበላለች?" አሉ። "ለምን ራስዎ ደውለው አይጠይቋትም?" ስላቸው "ትዘጋብኛለቻ! ከማን ተማረችውና!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለምስጋና ቀን ማዕድ ና ብላኝ ባትጠራኝም እኔው እጠራታለሁ። አንቺ ግን አፍሽን ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ። ምነው ባልያዝኩ።

ቀብሩን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አድርገነዋል፤ ላይኛው ክፍል አልጋ አንጥፌልሻለሁ። ያቺን አንሶላ የለበሰች ሴት የምታውቂያት ከሆነ ደግሞ ዶክተሩ ያለውን ንገሪልኝ። "ደህና ትበላለች?" እንዳሉም ንገሪልኝ። እሷም ቅዳሜ ብትመጣ ማንም ምንም አይጠይቃትም፤ እኔም ጭምር።

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ። የአባትሽን ነፍስ ከእናትሽ ጎን ያሳርፍልን። ቤካ ትስምሻለች።

ደጄን ሳልዘጋ የምጠብቅሽ፣
ከፊት ለፊት ቤት ያለችው አብሮ አደግሽ